የሕክምና መረጃችሁ ምስጢርነት እስከ የት ነው? በአሜሪካ ለምትኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ዝርዝር መመሪያ

ብዙዎቻችን ሐኪም ምስጢር ይጠብቃል ሲባል ፋይሌን ማንም አያየውም ብለን እናስባለን። የአሜሪካ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። ሕጉ ሂፓ ይባላል። በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ሲሆን የምስጢር አጠባበቅ ደንቡ በሥራ ላይ የዋለው ከሚያዝያ 2003 ጀምሮ ነው። መረጃችሁን ይጠብቃል፤ ግን ያለ እናንተ ፈቃድ የሚወጣበትን ብዙ መንገድም ይፈቅዳል። አንዳንዱን መንገድ መዝጋት ትችላላችሁ። አንዳንዱን ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ቢፈልግ አይዘጋውም።

ይህን ለይቶ ማወቅ ለእኛ ማኅበረሰብ በጣም አስፈላጊ ነው። ወሬው ይወጣብኛል ብሎ የኤች አይ ቪ ምርመራ የሚቀር ሰው አለ። ስለ መጠጡ ወይም ስለ ጭንቀቱ ለሐኪሙ እውነቱን የማይናገርም አለ። ፍርሃቱ ሁሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። ግን ብዙ ጊዜ የምንፈራው አንዱን ነው፣ መረጃው የሚወጣው በሌላው ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሂፓ የፌዴራል ሕግ ነው። ስቴቶች ከዚያ የጠበቀ ሕግ ሊያወጡ ይችላሉ፣ ብዙዎቹም አውጥተዋል። ክስ ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለበት ሰው ጠበቃ ያማክር።

1. መረጃውን የያዘው ማን እንደሆነ ለዩ

ሂፓ የሚያስገድደው ሆስፒታልን፣ ክሊኒክን፣ ፋርማሲን፣ ላቦራቶሪን፣ የጤና ኢንሹራንስን (የመንግሥቶቹን ሜዲኬርና ሜዲኬይድንም ጨምሮ) እና ለእነሱ የሚሠሩ ድርጅቶችን ነው። አሠሪያችሁን፣ የሕይወት ኢንሹራንስን፣ ዕድሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ስልካችሁ ላይ ያለውን አብዛኛውን የጤና አፕ አይነካም።

ስለዚህ ሊጠይቃችሁ የመጣ ጓደኛ ያየውን ቢያወራ ነውር ነው እንጂ ሂፓን መጣስ አይደለም። እዚያው ሆስፒታል የምትሠራ የአገር ልጅ ግን ሥራዋ ሳይሆን ፋይላችሁን ከፍታ ብታይ፣ ለማንም ባትናገርም እንኳ ጥሳለች። ሆስፒታሎች ማን የማንን ፋይል መቼ እንደከፈተ በኮምፒውተር ይመዘግባሉ። ጥርጣሬ ካላችሁ ለሆስፒታሉ ፕራይቬሲ ኦፊሰር (የምስጢር አጠባበቅ ኃላፊ) በጽሑፍ አመልክቱ። «ፋይሌን የከፈተውን አጣሩልኝ» ብላችሁ የጠረጠራችሁትን ሰው ስምና ቀኑን ግለጹ።

እናንተ ራሳችሁ ያወጣችሁትን መረጃም ሕጉ አይከተለውም። የላብራቶሪ ውጤት በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ከተላከ በኋላ የሚጠብቀው ሂፓ የለም። ጎፈንድሚ ስትከፍቱም እንዲሁ ነው። ለታመመ ሰው ገንዘብ ማሰባሰብ መልካም ነው፤ ግን የበሽታውን ስምና የሆስፒታል አልጋ ላይ ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት ታካሚውን ጠይቁት። ሲድን ሥራ የሚፈልገው፣ ስሙ በኢንተርኔት የሚፈለገው እሱ ነው።

2. ሪሴፕሽን ላይ የሚሰጧችሁን ወረቀቶች ለይታችሁ ፈርሙ

በመጀመሪያው ቀን አንድ ክምር ወረቀት ይሰጣችኋል። ከኋላችሁ ሰልፍ አለ፤ ሳይነበብ ይፈረማል። ሁለቱን ብቻ ለዩ።

አንደኛው ስለ ምስጢር አጠባበቅ የሚገልጸው ማስታወቂያ ነው። ፊርማችሁ ማስታወቂያው ደርሶኛል ማለት ብቻ ነው። ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም። ባትፈርሙም ሕክምና አይከለከልም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። መረጃዬን ለእገሌ ስጡ የሚል የፈቃድ ፎርም ነው፤ ኦተራይዜሽን ወይም ሪሊስ ይሉታል። በሕጉ መሠረት ምን መረጃ እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚሰጥ፣ ማን እንደሚቀበል፣ ለምን እንደሆነና ፈቃዱ መቼ እንደሚያበቃ መጻፍ አለበት። ቀስ ብላችሁ እዩት። «ሁሉም መዝገብ» የሚል ሳጥን ይኖራል። ከሥሩ ብዙ ጊዜ የኤች አይ ቪ፣ የአእምሮ ጤና፣ የአልኮልና የመድኃኒት ሕክምና የሚሉ መስመሮች አሉ፤ በየጎናቸው የስማችሁን የመጀመሪያ ፊደሎች እንድትጽፉ ቦታ አላቸው። የማትፈልጉትን ባዶ ተዉት። በ«ሁሉም» ፈንታ የምትፈልጉትን ብቻ ጻፉ፤ ለምሳሌ የጉልበት ሕክምና፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን። ማብቂያ ቀኑን ባዶ አትተዉ። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላላችሁ፤ እስከዚያ የወጣው ግን አይመለስም።

ይህ ጉዳይ በጣም የሚጎዳው የመኪና አደጋ የደረሰባቸውን ነው። የሌላኛው ወገን ኢንሹራንስ ፎርም በፖስታ ይልካል፤ ሲታይ ተራ ወረቀት ይመስላል። ከፈረማችሁት ከአደጋው ጋር ምንም የማይገናኝ የ10 ዓመት ፋይላችሁን አውጥቶ «የጀርባ ሕመሙ ድሮም ነበረበት» ለማለት ሊጠቀምበት ይችላል። ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

ለሕክምና፣ ለክፍያና ለድርጅቱ የዕለት ተዕለት ሥራ ግን ፊርማችሁ አያስፈልግም። አንዱ ሐኪም ለሌላው ይልካል፤ ክሊኒኩ ለኢንሹራንሱ ይልካል። ይህ የሕጉ መደበኛ አሠራር ነው።

3. ቤተሰብና ጠያቂ

ለእኛ ሰው ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። የታመመ መጠየቅ ባህላችን ነው፤ መቅረትም የለበትም። ሕጉ ግን የተጻፈው እንዲህ ጠያቂ ለሚበዛበት ማኅበረሰብ አይደለም።

ሕጉ ታካሚው ካልተቃወመ ሐኪሙ በሕክምናው ለሚሳተፍ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ መናገር ይችላል ይላል። ተስማምቶ ከሆነ፣ ዕድል ተሰጥቶት ዝም ካለ፣ ወይም ከሁኔታው እንደማይቃወም ከታየ በቂ ነው። አሁን ክፍሉን አስቡት። አልጋው ዙሪያ ስምንት ሰው ቆሟል። ሐኪሙ ገባና «እዚሁ ልናገር?» አለ። ታካሚው በይሉኝታ «ምንም አይደል» ይላል። አለቀ። በሕግ ዓይን ፈቅዷል። ማታ ላይ ወሬው ቨርጂኒያን አልፎ አዲስ አበባ ይደርሳል።

መፍትሔው ቀድሞ መናገር ነው። ሆስፒታል እንደገባችሁ ለነርሷ «ሐኪሙ ስለ ሕመሜ ከመናገሩ በፊት ሰው ሁሉ እንዲወጣ አድርጉልኝ» በሏት። ፋይሉ ላይ ይጻፍ። ጠያቂን ውጡ የሚለው እናንተ ሳትሆኑ ሆስፒታሉ ይሆናል፤ ማንም አይቀየምም። መረጃ የሚሰጠው ሰው ካለ ስሙን አስመዝግቡ፣ ከአገር ቤት የሚደውለውን ወንድም ጨምሮ። ብዙ ሆስፒታሎች በስልክ ለሚጠይቅ ሰው የይለፍ ቃል ይሰጣሉ፤ ጠይቁና ለአንድ ሰው ብቻ ስጡት።

ሌላም አለ። ሆስፒታሉ የተኙ ሰዎች ዝርዝር ይይዛል። በስማችሁ የጠየቀ ሰው የት ክፍል እንዳላችሁና አጠቃላይ ሁኔታችሁን ሊነገረው ይችላል። የሃይማኖት አባት ከሆነ ደግሞ ስማችሁን ሳይጠቅስም ዝርዝሩን ከነሃይማኖታችሁ ማየት ይችላል። ከዝርዝሩ አውጡኝ ማለት መብታችሁ ነው። ከወጣችሁ ግን መጥታ እንድትጠይቃችሁ የምትፈልጓትን አክስትም ሪሴፕሽኑ ይመልሳታል፤ ቀድማችሁ ንገሯት።

ክፉ ዜናን በተመለከተ። በእኛ ልማድ ለታካሚው ሳይሆን መጀመሪያ ለቤተሰብ ይነገራል። እዚህ ሐኪሙ የሚናገረው ለታካሚው ነው። ልጆቹ «ለአባታችን አይነገረው» ቢሉ ሐኪሙ በእነሱ ቃል ብቻ አይደብቅም። ታካሚው ራሱ «እኔ መስማት አልፈልግም፣ ለልጄ ንገሯት» ካለ ግን ይከበርለታል። ይህን ከሕመም በፊት፣ ወይም ቢያንስ ከውጤቱ በፊት፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። ታካሚው ራሱን ስቶ ቢተኛ ማን እንደሚወስንለት የሚገልጸውን የጤና ውክልና ሰነድም ያን ጊዜ ሙሉ። ውክልናው ሥራ ላይ ሲውል ወኪሉ መረጃውን እንደ ታካሚው ራሱ ማየት ይችላል። ስለዚህ ሲመርጡ ዕድሜን ብቻ ሳይሆን ምስጢር የሚችል ሰው መሆኑን ይዩ።

4. አስተርጓሚ

የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። የራሳችሁን አምጡ ብሎ ማስገደድ አይችልም። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ እንዲያስተረጉም ማድረግም ከድንገተኛ አደጋ በስተቀር አይፈቀድም። እናት ስለ ማሕፀኗ ሕመም በ12 ዓመት ልጇ አፍ ስትናገር የምትደብቀው ብዙ ነው። ሕክምናው በግማሽ መረጃ ይሆናል።

አስተርጓሚው በምስጢር ግዴታ የታሰረ ነው። ቢሆንም የሐበሻ ከተማ ጠባብ ነው፤ ድምፁን ብታውቁት ደስ አይላችሁም። ያኔ ሌላ አስተርጓሚ ጠይቁ። ምክንያት መዘርዘር አይጠበቅባችሁም። በስልክ ከሆነ ሌላ ስቴት ያለ ሰው የመድረሱ ዕድል ሰፊ ነው። «ስሜን አትጥሩ» ብላችሁ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት። አብዛኞቹ የስልክ አስተርጓሚዎች በቁጥር ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ፤ ቁጥሩን ጻፉት። ችግር ቢፈጠር የምትይዙት እሱን ነው።

5. መዝጋት የማትችሏቸው በሮች

እነዚህን ቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ሐኪሙ ከዳኝ ከማለት ያድናል።

የሕዝብ ጤና። ቲቢ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሌሎች በሕግ የተዘረዘሩ በሽታዎች ለስቴቱ ወይም ለካውንቲው የጤና ቢሮ ይነገራሉ። ይህ ግዴታ ነው። ቢሮው ግን መረጃውን በምስጢር ይይዛል። ለትዳር ወይም ለግብረ ሥጋ ጓደኛ ማሳወቅ ካስፈለገ ታካሚው ማን እንደሆነ ሳይጠቅስ «ተጋልጠህ ሊሆን ይችላልና ተመርመር» ይላል። አንድ ነገር ደግሜ እነግራችኋለሁ፣ ዛሬም የሚሳሳት ሰው ስላለ፦ ኤች አይ ቪ በደም መገኘት ከጥር 2010 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ከመግባትም ሆነ ግሪን ካርድ ከማግኘት አይከለክልም። በዚህ ምክንያት ምርመራ አትቅሩ።

ጉዳት የደረሰበት ልጅ። ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሶሻል ወርከር ልጅ ተጎድቷል ብሎ ከጠረጠረ ማሳወቅ አለበት። ማስረጃ አይጠብቅም፤ ጥርጣሬ ይበቃል። በብዙ ስቴቶች ለአረጋውያንም እንዲሁ ነው። በባል ወይም በሚስት የተደበደበ አዋቂን በተመለከተ ግን ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ለሐኪሙ ከመናገራችሁ በፊት «ብነግርህ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለብህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሕጋዊ ነው።

አደጋ። ታካሚው ሰው እገድላለሁ ብሎ ለአእምሮ ሐኪሙ ቢናገርስ? የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በታራሶፍ ጉዳይ የሰጠው ፍርድ እዚህ ላይ መሠረት ጥሏል። ተማሪዋን እገድላታለሁ ያለውን ሰው ሲያክሙ የነበሩ ባለሙያዎች ለእሷ ወይም ለቤተሰቧ አላስጠነቀቁም፤ ተገደለች። ፍርድ ቤቱ ባለሙያ አደጋ ላይ ያለን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት አለ። ዛሬ አንዳንዱ ስቴት ያስገድዳል፣ አንዳንዱ ይፈቅዳል ብቻ። ሐዘንን፣ ንዴትን፣ መኖር መሰልቸትን መናገር ግን ይህ አይደለም። እሱን ለመናገር አትፍሩ።

ፍርድ ቤትና ፖሊስ። ዳኛ ያዘዘው ከሆነ ትእዛዙ የጠቀሰው ብቻ ይሰጣል። ጠበቃ የላከው መጥሪያ ከሆነ ግን ይለያል። ለእናንተ እንደተነገራችሁ ወይም መረጃውን የሚጠብቅ ትእዛዝ እንደተጠየቀ መረጋገጥ አለበት። ማስታወቂያ ከደረሳችሁ ቀኑ ሳያልፍ በጠበቃ በኩል ተቃወሙ፤ ዝም ካላችሁ መረጃው ይወጣል። ፖሊስ ተጠርጣሪ ወይም የጠፋ ሰው ሲፈልግ ሆስፒታሉ ስምን፣ አድራሻን፣ የትውልድ ቀንን፣ የጉዳት ዓይነትን የመሰለ ውስን መረጃ መስጠት ይችላል። የጥይት ቁስል በአብዛኛው ስቴት ለፖሊስ ይነገራል።

የአልኮልና የመድኃኒት ሱስ ሕክምና መዝገብ የራሱ ጠንካራ የፌዴራል ደንብ አለው። ያለ ፈቃዳችሁ ወይም ያለ ልዩ የፍርድ ቤት ትእዛዝ እናንተን ለመክሰስ አይውልም። የሥነ ልቦና ባለሙያው ለብቻው የሚይዘው የውይይት ማስታወሻም ከተራው ፋይል ተለይቶ ይጠበቃል።

ኢሚግሬሽን። ሂፓ ሆስፒታል ስለ መኖሪያ ፈቃዳችሁ እንዲጠይቅ አያዝም። በፍሎሪዳና በቴክሳስ ግን ሆስፒታሎች እንዲጠይቁ በስቴት ደረጃ ታዟል፤ አለመመለስ ትችላላችሁ፣ ሕክምናም አትከለከሉም። የኢሚግሬሽን መኮንን ብቻ የፈረመበት ማዘዣ ዳኛ ከፈረመበት ጋር እኩል አይደለም። በ2025 የሜዲኬይድ ተጠቃሚዎች መረጃ ለአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤት መተላለፉ ታውቆ በርካታ ስቴቶች ክስ መሥርተዋል። ስለዚህ ወረቀታቸው ያልተስተካከለ ሰዎች ሜዲኬይድ ከመሙላታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቁ። ድንገተኛ ሕመም ሲሆን ግን መጀመሪያ ሆስፒታል ሂዱ።

ለግሪን ካርድ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ሌላ ነው። ውጤቱ ለኢሚግሬሽን እንዲሄድ ፈቅዳችሁ ነው የምትገቡት። ሐኪሙ ፖስታውን አሽጎ ይሰጣችኋል፤ ከመታሸጉ በፊት ለራሳችሁ ኮፒ ጠይቁ፣ የታሸገውን አትክፈቱ።

6. በፖስታ የሚመጣው ደብዳቤ

ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ብዙ ምስጢር የሚወጣው በእሱ ነው። ከታከማችሁ በኋላ ኢንሹራንሱ የአገልግሎቱን ዝርዝር ይልካል። የሚደርሰው ለኢንሹራንሱ ባለቤት ነው። በባሏ ኢንሹራንስ ያለች ሚስት፣ በአባቱ ኢንሹራንስ እስከ 26 ዓመቱ የሚቆይ ልጅ፣ የሄዱበት ክሊኒክ ስም በሌላ ሰው እጅ ይገባል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛ፣ ለኢንሹራንሱ ደውሉና ደብዳቤው በሌላ አድራሻ ወይም በራሳችሁ አካውንት ብቻ እንዲመጣ በጽሑፍ ጠይቁ። መረጃው ቢወጣ አደጋ ላይ እወድቃለሁ ካላችሁ መቀበል አለበት። ክሊኒኩ ደግሞ አደጋ ባይኖርም አግባብ ያለው ጥያቄ ከሆነ መቀበል አለበት፤ በዚህ ስልክ ብቻ ደውሉ፣ መልእክት አትተዉ ማለት ትችላላችሁ። ሁለተኛ፣ ሙሉውን ሂሳብ ከኪሳችሁ ከከፈላችሁ ለኢንሹራንሴ አትላኩ ብትሉ ክሊኒኩ እምቢ ማለት አይችልም። ከመታከማችሁ በፊት ተናገሩ፤ ሂሳቡ ከተላከ በኋላ ዋጋ የለውም።

7. ሥራ ቦታ

አለቃችሁ ሐኪማችሁ ጋ ደውሎ መረጃ ማግኘት አይችልም። ለሕመም ፈቃድ ወረቀት ሲያስፈልግ ሐኪሙ የምትችሉትንና የማትችሉትን ብቻ እንዲጽፍ ጠይቁት፤ «ለ3 ሳምንት ከባድ ነገር አያንሳ» ይበቃል። በሥራ ላይ ተጎድታችሁ ካሳ ከጠየቃችሁ ግን ከጉዳቱ ጋር የተያያዘው መረጃ ለካሳው ሥርዓት ይሄዳል። ትራክ የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ የመንጃ ጤና ምርመራችሁ ውጤት በፌዴራል መዝገብ እንደሚገባ፣ የአልኮልና የመድኃኒት ምርመራ ጥፋትም ከ2020 ጀምሮ አሠሪዎች በሚያዩት ማዕከል እንደሚያዝ እወቁ።

8. ልጆች

ወላጅ በአጠቃላይ የልጁን ፋይል ያያል። ልጁ ብቻውን ሊፈቅድ በሚችልበት ሕክምና ግን የስቴቱ ሕግ ይወስናል። በሁሉም ስቴት ታዳጊ ወጣት በግብረ ሥጋ ለሚተላለፍ በሽታ ብቻውን መታከም ይችላል። ሐኪሙ «ለ10 ደቂቃ ውጭ ጠብቁ» ቢላችሁ አትቆጡ፤ የተለመደ አሠራር ነው። ልጃችሁ 18 ዓመት የሞላው ቀን መብታችሁ ያበቃል፣ ኢንሹራንሱን እናንተ ብትከፍሉም። ዩኒቨርሲቲ ከመሄዱ በፊት በፈቃዱ የፈቃድ ፎርምና የጤና ውክልና ይፈርም። ሌላ ከተማ ድንገት ቢታመም ያኔ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ትችላላችሁ።

9. ፋይላችሁን አውጥታችሁ እዩ

ኮፒ በጽሑፍ ጠይቁ። በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለባቸው፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጸው አንድ ጊዜ ሌላ 30 ቀን መጨመር ይችላሉ። ሂሳብ አልከፈላችሁም ብለው መከልከል አይችሉም። ስሕተት ካገኛችሁ፣ ለምሳሌ የማትጠጡትን «ይጠጣል» ብሎ ተጽፎ ከሆነ፣ እንዲስተካከል አመልክቱ። እምቢ ካሉ ተቃውሟችሁ ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ አድርጉ።

ባለፉት 6 ዓመታት መረጃዬን ለማን ሰጣችሁ የሚል ዝርዝርም መጠየቅ ትችላላችሁ፤ በ12 ወር አንዴ ነፃ ነው። ለጤና ቢሮ፣ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት የተሰጠውን ያሳያል። ለሕክምናና ለክፍያ የተሰጠውንና ራሳችሁ ፈርማችሁ የፈቀዳችሁትን አያካትትም።

የሞተ ሰው ፋይልም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። የንብረት አስፈጻሚው ያወጣዋል። ሲያስታምም የነበረ ቤተሰብ ደግሞ ሟቹ በሕይወት ሳለ ካልተቃወመ ከሚመለከተው ሕክምና ጋር የተያያዘውን ሊነገረው ይችላል።

10. መረጃችሁ ያለ አግባብ ከወጣ

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ምን እንዳለና ማን እንደሰማ ዛሬውኑ ጻፉ። የቴሌግራም መልእክት ከሆነ ስክሪን ሾት አንሱ፤ ይጠፋል። ከዚያ ለድርጅቱ ፕራይቬሲ ኦፊሰር በጽሑፍ አመልክቱና ኮፒውን ያዙ። ጎን ለጎን በፌዴራሉ የጤና ሚኒስቴር ሥር ላለው የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ አስገቡ። ጊዜው ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው። በኢንተርኔት ወይም በፖስታ ይቻላል፣ ክፍያ የለውም፣ ጠበቃም አያስፈልግም። አቤቱታ በማቅረባችሁ ድርጅቱ ሊበቀላችሁ አይችልም።

ቢሮው ድርጅቱን ሊቀጣና ሊያስተካክል ይችላል፤ ለእናንተ ግን ካሳ አያስከፍልም። ሂፓም ግለሰብ በራሱ እንዲከስ መብት አይሰጥም። ካሳ ከፈለጋችሁ መንገዱ የስቴቱ ሕግ ነው። እሱ የራሱ የጊዜ ገደብ ስላለው የቢሮውን መልስ ሳትጠብቁ ጠበቃ አነጋግሩ።